ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ዓርብ ማታ ነው፤ ኦታዋ በጥቅምት ውርጭ ከንፈሯ ደርቋል፣
የጋራዡ አምፖል እንደ እንቅልፋም ዘበኛ ይጠፋል፣ ይነቃል።
መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት፤ ከኋላ ጎማዋ ስር ታኮ ሸጎጥኩ፣
አምስቱን ዳዶ ፈትቼ፣ የፊቱን ጎማ እንደ ሕፃን አቅፌ ዳር አስቀመጥኩ።

ከዚያ ዲስኩን ዳሰስኩት።
ከሩቅ ለሚያየው መስተዋት ነው፤ ጥፍር ግን አይታለልም፣
ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች አሉ፤ ፀጉር ብቻ ከሆኑ ግድ የለም፣
አንዷ ግን ጥፍሬን ያዘችው፤ እስከ ጠርዙ ደርሳለች፣
እንዲህ ያለችው ስንጥቅ ነገ ኩርባ ላይ ትጠብቀኛለች።

ሸራውን በካሊብሮ ለካሁ፤ ሲገዛ አሥራ አንድ ሚሊ ነበረ፣
አሁን አራት ነው፤ ሰባቱ ካላቦጊ አስፋልት ላይ አቧራ ሆኖ ቀረ።
«አራት ይበቃል» ይላል ዕቃ ሻጩ፤ ለገበያ አዎ፣ ልጅ ለማድረስ፤
ሁለት መቶ ሲበሩ ግን፣ ኩርባው አፉን ከፍቶ ሲደርስ፣
የሳሳ ሸራ እሳት አያስቀርም፤ ለፒስተኑ ያወርሳል፣
ፒስተኑ ለዘይቱ፤ ዘይቱም እንደ ሽሮ ይንተከተካል።

ባለፈው ሰኔ ደርሶብኛል። እግሬ ወለሉን ነካ፤ መኪናዋ አልሰማችም፤
አሸዋው ተቀበለኝ እንጂ፣ ጥዶቹ ሩቅ አልነበሩም።
ለሩሐማ አልነገርኳትም።

አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ሸራ አሰርኩ፤ ይሄን ብቻዬን እችላለሁ።
ዘይቱን መቀየር ግን ሁለት ሰው ይጠይቃል፣
አንዱ ላይ ሆኖ ሲረግጥ፣ ሌላው ተንበርክኮ ቁልፍ ያዞራል።

ጠራኋት።
ሃሊፋክስ ሄጄ እማራለሁ ካለችኝ ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት፣
«በልተሻል ወይ?» «በልቻለሁ» ነበር የቤታችን ጨዋታ ሀብት።
በፒጃማዋ መጥታ መሪው ጋ ተቀመጠች፣
ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

«ርገጪ።»
«ረገጥኩ።»
«ያዢ።»
«ይዣለሁ።»
ቁልፉን ሩብ አዞርኩ። ቡናማ ዘይት ከነአረፋው በቱቦው ወረደ።
ዘጋሁ።
«ልቀቂ።»

በአራተኛው፣ ሳልዘጋው ለቀቀች፤ አየር ሽቅብ ተማገ።
«ቸኮልሽ» አልኳት።
«አንቺ ዘገየሽ» አለች።
ዝም ተባባልን። ውጭ፣ የጎረቤት ውሻ።
ከዚያ፣ ሳልጠይቃት፣ እንደገና ረገጠች።

ንጋት ላይ፣ ከአርንፕራየር ወዲያ፣ ባዶው መንገድ ላይ፣
አዲሱን ሸራ ካዲሱ ዲስክ አላመድኩ፤ ውርጩ ሜዳውን አንጥፎ ሲታይ፤
ከመቶ ወደ ሠላሳ፣ ከመቶ ወደ ሠላሳ፤ ሩሐማ ጎኔ ትቆጥራለች፣
ሽታው እንደ ተቃጠለ ቀንድ ነው፤ በሹራቧ አፍንጫዋን ይዛለች።
«ለምን አንቆምም?»
«ፍሬን ሲግል አይጨብጡትም። የጋለ ሸራ ቆሞ ከያዘ
ማኅተሙን ዲስኩ ላይ ይተዋል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል፤
ሰው ‹ዲስኩ ተጣመመ› ይላል።
አልተጣመመም። ተጣብቆበት የቀረ ነገር አለ።»

ቀትር ላይ ገባሁ። አሰልጣኙ ሬጃን አጠገቤ፣ የራስ ቁሩን አጥብቆ፤
ከኔ የለመዳት አንዲት ቃል አለችው፤ «ቀስ!» ይላል፣ ኩርባ ባየ ቁጥር ተሳቅቆ።
የመጨረሻው ምልክት አለፈ፤ ረገጥኩ፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጸና፣
መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ታዘዘች፤ ኩርባው ወደኛ ዞረና
እንደ ወዳጅ አሳለፈን።

የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳልነካ፣ ነፋስ እያስጠጣኋት ዞርኩ።
ስቆም፣ ከቸርኬው ክፍተት ሙቀት እንደ ትንፋሽ ይወጣል፣
ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።
እጄ በልማድ ወደ እጅ ፍሬኑ ሄደ።
«እማ፣ ተዪው!» አለች ሩሐማ፣ ታኮውን ከጎማው ስር እየወሸቀች፣
«ፍሬን ሲግል አይጨብጡትም ብለሽኝ የለ?» ብላ ሳቀች።

እጄን መለስኩ።
«ሃሊፋክስ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?»
«አሥራ አራት» አለች፣
ታኮውን በጫማዋ ገፋ አድርጋ።