ባይነሳስ?

አዳማ፣ በመጋቢት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ቢከፈት አቧራ፣ ቢዘጋ ፀሐይ፤
አሥራ አንድ ሆነን፣ ከአንዲት መምህር ጋራ፣
ሟርት ስንማር ሰነበትን፣ ሟርትን እንደ ሥራ።

እናቴ "አይበለው!" ትላለች፣ ክፉ ስም ሲነሳ፤
ሲጠሩት የሚመጣ ነው፣ እንደ ለማዳ እንስሳ።
ወይዘሮ ትርሲት ግን ጠመኔዋን ይዛ
"ጥሩት" ትለናለች፤ የላትም ዋዛ ፈዛዛ።
"ቧንቧው ቢበጠስስ? ፓምፑ ባይነሳስ?
ያን ሌሊት ተረኛው ቁልፉን ቢረሳስ?"

ባገራችን የሌለን የአቶም ጣቢያ ሠርተን፣
በወረቀት ሰብረን፣ ከልባችን ፈርተን፤
"ቆመ ብላችሁ አትሂዱ፤ ምድጃው ቢተኛም
የውስጡ ትርፍ ሙቀት እሱ ግን አይተኛም።
ውኃ ይላል ዛሬ፣ ውኃ ይላል ነገም፤
እሱ ጋ አይሠራም የኛ 'ግድ የለም'።"

በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ መልስ፣ ስምንት ተኩል፣
ናፍጣ ሞተር እምቢ የሚልበትን ዕድል
ስንፈልግ ከሠንጠረዥ፣ ከሰው አገር አኃዝ፣
መብራት ድርግም አለ።
ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ኃይሉ ክንፎች
ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ልክ እንደ ሥራ ፈቶች።
ሳቅን። ወይዘሮ ትርሲት አልሳቀችም።
"ጄኔሬተሩስ?" አለች። ቆጠርን። እሱም ዝም።

ወረድን በደረጃ፣ አንዳችን ሳንቀር፤
ኦቦ ሁንዴ፣ ዘበኛው፣ ይታገላል ከሞተር።
"ነፋስ በቆቃ በኩል ሲመጣ" አለን፣
"አቧራው ይነሳል፣ ሞተሩ ይተኛል።
ስንቴ እንደተኛ ደግሞ ግድግዳው ይናገራል።"

ከጀርባው፣ ልስኑ ላይ፣ በከሰል የተጫረ፣
አምስት አምስት እየሆነ እንደ ችቦ የታሰረ፤
ረጅሙ ጭረት የተነሳበት፣ አጭሩ የቀረበት።
ስድስት ዓመት። ማንም ጻፍ ሳይለው። ማንም ሳይጠይቅበት።

ረምዚያ ቆጠረች፣ ጣቷ ከሰል ለብሶ፤
ከመቶ አርባ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ
ተኝቷል፣ አቧራ ተንተርሶ።
ሠንጠረዡ ያለን ግን ከመቶ አንዴ ነበር።
ወይዘሮ ትርሲት መነጽሯን ጠረገች፣ በሻርፗ ዳር፣
ደግማ ጠረገች።
"ኦቦ ሁንዴ፣ ነገ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት፣
ፎቅ ይውጡና ያስተምሩን፤ እኔም ልማርበት።"
"በሩንስ ማን ይጠብቅ?" አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።
ተያየን። ሙሉሰው ሄዶ የዘበኛውን ወንበር
ከጥላው ሥር አደረገ።

ማታ እናቴ ደወለች። "ልጄ፣ ምን አስተማሩህ?"
"ክፉን በስሙ መጥራት።" "ኧረ በስማም! አመመህ?"
ከዚያ ጥቂት ዝም አለች፤ መስመሩ ላይ ነፋስ ሰማሁ፤
"ቡታጋዙን" አለችኝ፣ "ዘግቼዋለሁ ወይ?
ቆይ… አይቼ መጣሁ።"