ሃያ ፓውንድ

ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈላት፤
«ገንዳሽን ለማንሳት ሃያ ፓውንድ» አላት።
ሃያ ፓውንድ ለማቪስ የሳምንት ማሞቂያ፣
የድመቷ ቀለብ፣ የመብራት መክፈያ።
ወረቀቱን አጥፋ ከስኒው ሥር ጣለች፤
አጥር ተደግፋ «ና እስቲ ልጄ» አለች።

እኔ ጎረቤቷ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ዓሣ ሳሽግ አድሬ፣ እግሬ ዝሎ በቃ፣
ልተኛ ስል ነበር። ግሪምስቢ ላይ ጥር
ጨው ያዘለ ንፋስ ነው፣ ጆሮ የሚሰረስር።
ያው ደብዳቤ አምጪው ፖስተኛም አገዘን፤
ገንዳው ደረጃ ላይ ተቀርቅሮ ሣቅ ያዘን።
እሷ ግን አልሣቀች።

ገመድ የጎተተ፣ ማዕበል የገፋ፣
ጉርምስናውን ሁሉ ሰሜን ባሕር ያጠፋ፣
ሲሪል በዚህ ገንዳ ሰባት ወር በሙሉ
እንደ አራስ ልጅ ሆኖ ታጥቧል አካሉ።
ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀዘቀዘ አይልም፤
ክርኗ ነው የሚያውቀው፣ እሱ አይናገርም።
ታዲያ ይህን ገንዳ የት ብላ ትጣለው?
ሃያ ፓውንድ ቆጥራ ለማን ታስረክበው?

ጓሮዋ ሲሚንቶ፣ ግራጫ፣ ዝርግ ያለ፣
ሲሪል ለሞተሩ ያኔ የደለደለ።
እኔ በድጅኖ፣ እሷ በመዶሻ፣
ስንወቅረው ዋልን እስከ ቅዳሜ ማምሻ።
ስባሪው መንገድ ሆነ፣ ወላጋ፣ ጠማማ፤
«እንዲህ ነበር ሲሪል ጠጥቶ ሲመጣማ!»

ከወደቡ ጓሮ ሣጥን እየለቀመች፣
ዓሣ ዓሣ እንዳይሸት ደጋግማ አጠበች፤
ሰላጣ ዘራችበት። ድመቷ አላመነች፣
ዙሪያውን ስታሸት ሳምንት ሰነበተች።
የጭነት ርብራብ በመንጋጋ ፈትታ፣
ሚስማሩን አንድ በአንድ በመዶሻ አቃንታ፣
አግዳሚ አቆመች፤ አንዱ እግሩ አጠረ፤
ጡብ ደገፈውና እስከ ዛሬ ኖረ።

ከጣሪያው ሥር መረብ፣ ሲሪል የጠገነው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቧራ የቀመሰው፣
ግድግዳ ላይ ሲወጣ ቋጠሮው አልላላ፤
ዓሣ በያዘበት አተር ያዘ ኋላ።
ቲማቲሙን ያቀፈው የስቶኪንግ ቅዳጅ ነው፤
ልስልስ ነው፣ አይቆርጥም፣ ዳንስ የለመደ ነው።
የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤም አልቀረ፤
በአራት ተከፍሎ የአደንጓሬ ዘር ቋጠረ።

ገንዳው ብቻ ቀረ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ባዶውን።
መንደሩ መከረ፣ ሁሉም ያወቀውን፦
«ድንች ትከይበት»፣ «ጽጌረዳ ያምራል»፣
«አፈር ሙዪውና እንጆሪ ይበቅላል»።
ሻይዋን አስቀመጠች።
«አፈር ማልበስ» አለች፣ «አንድ ጊዜ ይበቃል።»

ዝናብ ሞላው እንጂ ባልዲ አልተነካም፤
ለማንጠብጠብ እንደሁ ይህ ሰማይ አይደክምም።
የሲሪልን ወንበር፣ ነጭ ፕላስቲኩን፣
ገላው ሲታጠብ የተቀመጠበትን፣
ውሃው ውስጥ ተወችው፤ «ጃርትም ሆነ ወፍ
የገባ ይወጣል፣ እዚህ ጋ ሲያርፍ።»

ሚያዝያ ነው፣ ንጋት። ግድግዳዬ ተመታ።
የሥራ ጫማዬን ከእግሬ እንኳን ሳልፈታ
ሮጥኩ፣ ወድቃ መስሎኝ።
ቆማለች፣ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷ ከንፈሯ ላይ።
ዙሪያችን አስፋልት ነው፣ ሐዲድና ፋብሪካ፤
በየት አቋርጣ፣ ስንት ጎማ አምልጣ ለካ፣
እንቁራሪት፣ አንዲት፣ ወንበሩ ላይ ሆና፣
ጉሮሮዋ እየተነፋ ታየናለች ቀና።

ማቪስ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክርኗን
ቀስ ብላ ነከረች፣ እንደዚያ እንደ ድሮው።
«ቀዝቅዟል» አለችኝ።
ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና፣
«ይሁን፤ ይቺ እንኳን እንዲህ ነው የምትወደው።»