ግራ እጁ

ከኢሪ ሐይቅ በረዶ መንገዱን ሲሞላ፣
በብሮድዌይ ጥግ ሱቅ፣ ከመስኮቱ ኋላ፣
ሎሬታ ፒንክኒ ሁለት ካርድ ዘረጋች ከመብራቷ ሥር፤
በሁለቱም ያለው አንድ ሰው ነው፦ ዱዴክ ካዚሚር፣
የቤዝቦል ወርዋሪው፤ ቡፋሎ በሙሉ «ካዝ» እያለ ሲጠራው የነበር።

የሃምሳ ዘጠኙ ጥጎቹ አልቀዋል፤
ከብስክሌት ሽቦ ተሰክቶ በጋውን ሲንጣጣ ከርሟል።
ግንባሩ ላይ እጥፋት፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ
«የሬይመንድ ነው» ይላል፣ «የነካው ይከሰስ!»

የስድሳው ግን ንጹሕ፤
ጥጉ ምላጭ፣ ፊቱ ወተት፣
የማስቲካው ዱቄት ሽታ ዛሬም አለበት።

«አሮጌው ሠላሳ ዶላር። ይሄኛው አራት መቶ።»
«ለንጽሕናው?»
«ለስህተቱ! ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ፣ ግራው ቀኙን ተክቶ።
ካዝ በቀኙ ነበር ኳሷን የሚወረውራት፤
አጉሊ መነጽሩን ያዝና እያቸው የደረቱን ፊደላት፣
ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳሉ።
ማተሚያ ቤቱ በሳምንቱ ደርሶበት አረመው፤
የተረፈው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው የተወደደው።»

ግራ ገባኝ።
ጧት ከቤት ስወጣ «ቀኝ አውለኝ» የምል ሰው፣
ግራ ከቀኝ በልጦ ሲሸጥ ቆሜ አየሁት፤
አራት መቶ ሠላሳ ቆጥሬ ከፈልሁት።

ያልነገርኋት ነገር፦ እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ፣
ላካዋና ካለው የአረጋውያን ቤት፣
የካዝን ቀኝ ክንድ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ፤
አስር ጊዜ ወደ ላይ፣ አስር ጊዜ ወደ ታች፣ እቆጥራለሁ።
ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ከፈሰሰ ወዲህ
ያ ክንድ እንግዳ ነው፤ ጎኑ ተኝቶ ይውላል፤
ሾርባውን በግራው ይጠጣል፣ ግማሹን ደረቱ ላይ ያፈሳል።

ሁለቱን ብርድ ልብሱ ላይ ጎን ለጎን አኖርሁ።
የሬይመንድን ካርድ አየ፤ «ይሄን ልጅ» አለ፣ «አውቀው ነበር፤
ጉረኛ ነው። የሰው ምክር አይሰማም። ትከሻው የብረት በር።»
ከዚያ የስድሳውን አንስቶ፣ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ፣
በግማሽ አፉ ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር ምራቁም መጥቶ፦
«ይሄ ነው እኔ! ስድሳ ዓመት ቀድመው አነሱኝ፤
ያኔ ግን ጠበቃ ፈልጌ ነበር፣ ግራኝ ብለው ሲያዋርዱኝ።»

እስክሪብቶ ጠየቀ።
በግራው ጻፈ፤ ስሙ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ፣
ከኮፍያው ጀምሮ፣ ጉልበቱ ላይ አርፎ፣ ጫማው ጋ ወርዶ።

ሎሬታ ስታየው ራሷን ያዘች፤ «የማን ፊርማ ነው?
ካዝ እንዲህ ፈርሞ አያውቅም፤ ማን ያምንሃል?
አሁን አምስት ዶላር አያወጣም፤ አበላሸኸው!»
ልክ ናት። አልተከራከርሁም። ከኪሴ ከተትሁት።

ያን ማክሰኞ ግን፣ ኮቴን ለብሼ ልወጣ ስል፣
ካልሲ ጠቅልሎ ወረወረልኝ በግራው፤
ሁለት ክንድ ያህል ሄዳ ወደቀች፣ ተንከባልላ ወደ ግድግዳው።
«መልሳት» አለኝ፣
«ገና መሟሟቄ ነው።»