ሃያ አራተኛው ችካል

ሕጉ እንዲህ ይጀምራል፤
በላንጌ ኮረብታ ባሮሎ ለመባል
ዘሩ ኔቢዮሎ ብቻውን ይበቅላል፤
ከሸለቆ አይምጣ፣ ከረግረግ አይለቀም፣
ፊቱን ለሰሜን ከሰጠ ገመገም
አንዲት ዘለላ እንኳ ስሙን አትሸከም።

እኔ ስቶያን ነኝ። ከመቄዶንያ ነው መቀሴን ይዤ የመጣሁት፤
ሕጉን በመጽሐፍ አላየሁም፣ ከችካል ነው የተማርኩት።

የቴሬዚዮ ማሳ አሥራ አንድ መስመር ነው።
አሥሩ ቀጥ ብሎ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣
አሥራ አንደኛው ግን
እንደ ሞቀው ሰው ጫፉ ላይ ይዞራል፣
በኮረብታው ትከሻ አጮልቆ ሰሜንን ያያል።

አንድ ቀን አንድ ሰው ኮምፓስ ይዞ መጣ፣
ጫማው ጭቃ ሲነካው ፊቱ የሚቆጣ፤
ቆመ፣ አየ፣ ለካ፣
«እስከ ሃያ ሦስት ባሮሎ ነው» አለ፣
«ሃያ አራተኛው ላይ ስሙ ተከለለ፣
ከዚያ ወዲያ ያለው ቀይ ወይን ነው፣ በቃ።»
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

ከዚያ ወዲህ በጉም ውስጥ ስንለቅም፣ ጣታችን ደንዝዞ፣
አንዱ ቀይ ሳጥን ይዞ፣ አንዱ ነጭ ሳጥን ይዞ፣
ችካል እንቆጥራለን።
በሁለቱ ችካሎች መሀል አንዲት ግንድ አለች፤
ሥሯን ወዲህ ተክላ ክንዷን ወዲያ ዘረጋች።
ለእሷ ሕግ አልወጣም።
ቴሬዚዮ ግን አይጨነቅም፣
ፍሬዋን ሳይነካ ለወፍ ይተወዋል፣
«ከወፍ የሚካሰስ ቢሮ የለም» ይላል።

ሕጉ ገና አላለቀም።
ከኖቬምበር አንድ ተነሥቶ ይቆጠር፣
ሠላሳ ስምንት ወር፣
አሥራ ስምንቱን በእንጨት ሆድ ይደር።
እስከዚያ ስም የለው፤
በርሜሉ ግንባር ላይ የጠመኔ ቁጥር ነው ያለው።
ለልጁ ስም ሊያወጣ ይህን ያህል ማን ቆየ?
(እኔም ለመኖሪያ ወረቀት ስሰለፍ
ከበርሜሉ በልጬ ቆሜያለሁ፣ ቁጥሬን ይዤ ከደጃፍ።)

በሃያ ዘጠነኛው ወር
ቴሬዚዮ ሞተ፣ በአኻያ ልጥ ቅርንጫፍ ሲያስር።

ከቀብር መልስ ጎረቤቱ ገበታ ከበበ።
«የራሱን ባሮሎ አምጪልን» አላት ሽማግሌው ሰኮንዶ፣
ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ድምፁ ወርዶ።
የቀደመው ሁሉ በዕዳ አልቋል።
ዴልፊና ቁልፍ አንሥታ ምድር ቤት ወረደች፣
የጠመኔውን ቁጥር በጣቷ ዳሰሰች፤
«ዘጠኝ ወር ይቀረዋል» ብላ ተመለሰች።
«አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን ያልሰረቀውን
በተዝካሩ አልሰርቅለትም።»
ይዛ የወጣችው ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ፣
ከሃያ አራተኛው ወዲያ የተለቀመ፣
ቀይ።

ጠጣን። ቀጠን ይላል፣ ትንሽ ይጎመዝዛል።
ሰኮንዶ አፉ ውስጥ አቆይቶ ዋጠና
«የዛሬ ሠላሳ ዓመት ይሄ ኮምጣጤ ነበር» አለ።
እውነቱን ነው። ያኔ በዚያ ጎን
በረዶው እስከ ፋሲካ ይተኛ ነበር፤
አሁን በየካቲት ድንጋዩ ላይ እንሽላሊት ይሞቃል፣
በደቡቡ በኩል ደግሞ ፍሬው በቁሙ ይጠበሳል።
ፀሐይ ካርታ አታነብ!
ሕጉ ይለወጥ የሚሉ አሉ፣ ይቅር የሚሉ አሉ፣
መጠጥ ቤቱ ተዘግቶ እንኳ ደጁ ላይ ይጮኻሉ።
ዴልፊና ሁለቱንም ወገን ትሰማለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች።

ጃንዋሪ ገባ። ወሩ ሞላ።
በቆርቆሮ ጣሳ ሰም አቀለጠች፣
የጠርሙሶቹን አንገት አንድ በአንድ ነከረች።
ሰሙ ይኸው ነው፣ ገዢው ያየዋል፤
ወርቁን ግን ያ ከመሬት በታች ያለው ሰው
ሳይቀምሰው ያውቀዋል።
ያን ቀን ነው በርሜሉን በስሙ የጠራችው፣
ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት።

እኔ መቀሴን ይዤ ወደ አሥራ አንደኛው መስመር ወጣሁ።
በመሀል ያለችው ግንድ ላይ
የቴሬዚዮ ልጥ፣ ግማሽ ቋጠሮ፣
ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው ደርቋል።
ወደየት ሊያዞራት እንደነበር አልገባኝም፣
ወደ ስሙ ይሁን ወደ ጥላው።
አልፈታሁትም። አልጨረስኩትም።
ቀጣዩ ችካል ሃያ አራት ነው።