ዜሮ ደቂቃ

በብርኖ ከተማ፣ የካቲት ሲጋመስ፣
ከፌርማታው ጣሪያ በረዶ ሲፈስስ፣
ሰሌዳው በራና «ዜሮ ደቂቃ» አለ፤
ሰው ሁሉ ወደ ሐዲዱ ማየት ቀጠለ።
ትራም ግን አልመጣም።
ሩብ ሰዓት አለፈ፤ አሁንም ዜሮ ነው።
አንድ ሽማግሌ በከዘራው ጫፍ ሰሌዳውን ነካ አድርገው፣
«ደረስኩ ደረስኩ የሚል እንግዳ፣ ገና ከቤቱ አልወጣም» ብለው፣
በእግራቸው መንገድ ጀመሩ ኮታቸውን ሰብስበው።

እኔ ግን አውቄ ነበር ከአልጋዬ ሳልወጣ፣
ስልኬ በላይ በላይ ሲጮህ መዘዙ ከየት እንደመጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጥቅል ሳስር ኖሬ፣
የያንዳንዱን ቋጠሮ ውል በጣቴ ቆጥሬ፣
ማን በማን ተደግፎ፣ ማን ማንን እንደሚሻ፣
ስከተል ከምንጩ እስከ መዳረሻ፣
ፈቃዱን አንብቤ፣ ፊርማውን መርምሬ፣
ለአንድ ስም አንድ ስሪት፤ ይኸ ነበር ክብሬ።

አንተ መጣህ ራዶቫን፣ አዲስ ቋንቋ ይዘህ፣
የጥቅሉን አዛዥ ከነጓዙ አዝለህ።
«ምን ያስጠብቃል» አልክ «ሁለት ዓመት ሙሉ?
አንድ መስመር ጻፉ፣ ይመጣል ሁሉ።»
እውነትም ይመጣል።
አንዱን ብቻ ስትጠራው አርባ ሆኖ ይገባል፤
አክስቱን፣ አማቹን፣ የአማቹን ጎረቤት አስከትሎ፣
ሰርግ እንደተጠራ ሰው፣ «የኔው ናቸው» ብሎ።

ዴፖው ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ በቅርብ የተቀጠረ፣
የሰሌዳውን ፊደል ሊያሳምር የጓጓ፣ ሌሊቱን ያደረ፤
በሥር ስም ገባና ያንተን መስመር ጻፈ።
ሥር ማለት ታውቃለህ፣ የማይከለከል ነው፤
ሥር ከተነቀለ ቅርንጫፍ ምን ሊያደርግ ነው?
አዲሱ ስሪትህ የኔን አሮጌ ከቦታው አነሳ፤
ሰዓት ቆጣሪው የለመደውን ክንድ አጣና ወደቀ፣ አልተነሳ።
ሲሮጡ የታጠቁት…
ልጁ ስሙ ቪት ነው። አላባረሩትም።
ሲያለቅስ አገኘሁት፤ እኔም አልጨመርኩበትም።

ላንተ ግን ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሦስት ገጽ፣ እሳት የሚተፋ፤
ከመላኬ በፊት ደወልክ፤ ደብዳቤው ጠፋ።
ማታ መጣህ፣ በእግርህ፣ ጫማህ በረዶ ጠጥቶ፤
ወጥ ቤቴ ተቀመጥን፣ ጎምዛዛ ዱባ፣ ዳቦና ቢራ ቀርቦ።

«ያንቺ መደብር» አልክ «የከረመ ዳቦ ይሸጣል።»
«ያንተስ ዳቦ» አልኩህ «ማን እንደጋገረው ማን ያውቃል?»
ሳቅን። ከዚያ አልሳቅንም።
ጠርሙሱን እያዞርክ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፦
«ዝዲስላቫ፣ ኮዴን ስትጠግኚው ለኔ አትነግሪኝም፤
ጥገናሽ ሲቀደድ ሰው የሚጮኸው በኔ ደጅ ነው።
እኔ ያልሰፋሁትን ቀዳዳ ስንት ሌሊት ፈለግሁት!»

ማሽኔን ከፈትኩ፤ ቆጠርኩ። አርባ አንድ ጥገና።
አርባ አንዴ እጄን ሰድጄ ነበር በሰው ጓዳ፣ በዝምታ፣
ባለቤት ነኝ እያልኩ።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ፋይል ጻፍን።
ያንተ መሣሪያ ከመግባቱ በፊት የሚያነባት ናት፦
«ይህ ቤት ባለቤት አለው፤ ለራስህ ሌላ ክፍል ክፈት።»
«እባክህ» የምትለው ቃል ትግባ አትግባ ብለን
ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ገባች።
እኔም በተራዬ ቃል ሰጠሁ፦ ክር ሳስገባ እልክልሃለሁ፣
አርባ አንዱንም ከነገ ጀምሬ አንድ ባንድ እጽፍልሃለሁ።
ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ነኝ።
አሥራ ሁለቱን አልቀበልም ብለሃል፤ አራቱ ላይ ልክ ነህ።

ዛሬ ጠዋት ፌርማታው ላይ ሽማግሌውን አየኋቸው፣
ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሌዳውን በጥርጣሬ ሲያዩት።
«አራት ደቂቃ» ይላል።
ትራሙ በስድስተኛው መጣ።
ያቺን ያህል ውሸት፣ ራዶቫን፣
ሁላችንም እንችላታለን።