ለብርቱካን የተሰፋ ኮት

ድሬዳዋ የሚያልቀው ደንገጎ ላይ ነው፤
ከዚያ ወዲህ ያለው አየር የሌላ ሰው ነው።
ሚኒባሱ እያቃሰተ የመጨረሻዋን እጥፋት ሲዞር
ደረቱን ከፍቶ የመጣ ሁሉ ይቆልፋል ያለ ንግግር።

ልጄ ኢብቲሳም ያን ቀን ስድስት ዓመት ከመንፈቋ፣
የብርቱካን ጭማቂ በክርኗ ወርዶ ርሶ ጨርቋ፣
ዘሩን አልተፋችም፤ ጉንጯ ውስጥ አኑራ
ሸዋ በር ስንወርድ መዳፌ ላይ አራገፈች ቆጥራ፦
«አምስት ናቸው፣ አባ። ቤታችን ይብቀሉ።»
እዚህ ይበርዳቸዋል ልል ነበር። ዓይኖቿ እኔን ያያሉ።

መኪና ግርግር ከተደረደሩት አንዷ መኪና የኔ ናት፣
ሠላሳ ዓመት ክርና ዘይት ያበላኋት።
ዘሮቹን በእርጥብ አቡጀዲ ጠቅልዬ
ከአምፖሏ ሥር አኖርኩ፣ ሙቀት ይንካቸው ብዬ።
ሦስት ሳምንት፣ ቀሚስ ሳሳጥር፣ ሱሪ ሳስረዝም፣
ጨርቁን ሳልገልጥ ያለፈ ቀን የለም።
አራቱ ሻገቱ።
አንዷ ተሰነጠቀች፤
ከአንድ ሆድ ሁለት ቡቃያ አወጣች።
«መንታ ነው፤ ደካማውን ቁረጠው» አለኝ ነስረዲን፣ የእርሻ ቢሮው።
ስንት ጣቃ የሸረከተ መቀሴ
ክር ለምታህል ነገር ደነዘ።

የኒዶ ጣሳ አምጥቼ ታቹን በምስማር ሰርስሬ፣
አሸዋ፣ የፍየል በጠጥ፣ ከኤረር አፈር ቆፍሬ፣
ተከልኩት።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ከሐኪም ጋራ የሚወርደው ቁር
አምስቱን በር ትቶ በግንቡ ዘሎ ጁገል የሚያድር።
ድሬን ያላየ፣ ድሬን ግን የሚያስታውስ ቅጠል
ካውያ እንደነካው ናይለን ጫፉ ተኮማትሮ ይውል።
ልብስ ሰፊ ምን ያውቃል? ልብስ ነው የሚያውቀው።
ከአንድ ሙሽራ ሱፍ የተረፈ ግራጫ ቁራጭ ነበረኝ፣
ገበሩን ከአሮጌ ብርድ ልብስ።
ሜትሬን ዘረጋሁ።
ቁመት፦ ስንዝር ከሁለት ጣት።
ወገብ፦ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል።
ትከሻ፦ የለውም።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከደንበኞቼ ተርታ፦
«ብርቱካን። ቀብድ አልከፈለም።»

ጎረቤቴ አብዶሽ መርገጫውን አቁሞ እስኪያስለው ሳቀ፤
«ኪስስ አላወጣህለትም?» ሲል መንገዱ ሁሉ አወቀ።
ማታ፣ ሱቁን ዘግቼ፣ ኪስ አወጣሁለት።
ኢብቲሳም የሻገቱትን አራት ዘሮች ከተተችበት፤
«ወንድሞቹ ናቸው» አለች።

ዓመት በመጣ ቁጥር ጣሳ ይጠበዋል፣ ኮት ያጥረዋል።
ከኒዶ ወደ ቅቤ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ቀለም ባልዲ፤
ጠዋት ፀሐይ ወዳለበት ደረጃ፣ ማታ ወደ ውስጥ፣
እንደ ታማሚ አባት በክንዴ አቅፌ።
በአራተኛው ዓመት እሾህ አወጣና ገበሬን ቀደደው፤
በስድስተኛው የወፍ ኩስ የመሰለ ትል ግማሹን በላው።
ነስረዲን ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቃል፦
«ከዘር የመጣ ዛፍ ዕድሜ ይበላል እንጂ አያበላም፤
አስከትበው።»
እሺ እላለሁ። ነገ እላለሁ።
ቅጠሉን በጣቴ ሳሸው ግን ያ ሚኒባስ ይመጣል፣
መስኮቱ፣ ልጣጩ፣ የተጣበቁ ትንንሽ ጣቶች።

ኢብቲሳም አሁን ድሬ ናት፣ ፋብሪካ ውስጥ።
መኪናዋ አትጮህም አለችኝ፣ በመብራት ነው የምትሮጠው፤
ከጠዋት እስከ ማታ እጅጌ ብቻ ነው የምትሰፋው።
«ደረቱን ማን ይሰፋዋል?»
«እንጃ፣ አባ። ሌላ መስመር ነው።»
ማታ ስትደውል ከደኅንነቴ በፊት
«አለበስከው?» ትላለች።

ትናንት ላነሣው ሞከርኩ፤ ወገቤ እንቢ አለ።
በርሜል ውስጥ ነው ያለው፣ ቁመቱ እኔን አከለ፣
መንታዎቹ ተቃቅፈው አንድ ግንድ መስለዋል።
ለእሱ የሚበቃ ቁራጭ ሱቁ ውስጥ የለም፤
ሙሽሮቹም ዘንድሮ ልብሳቸውን ተሰፍቶ ነው የሚገዙት።
እናም የራሴን ኮት ከምስማሩ አውርጄ
በጨለማ፣ አብዶሽ እንዳያይ፣ ግቢ ወጣሁ።
አለበስኩት።
ልክ ነው።
ትከሻ አውጥቷል።

ስልኩ ጮኸ። በሸሚዝ ቆሜ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣
«አዎ» አልኳት፣ «ለብሷል።»
«ድሬ እንዴት ነው?»
«ይሞቃል፣ አባ። ይሞቃል።»
አበባ ስለማውጣቱ አልጠየቀችኝም፤
እኔም አላወራሁ።