ሚስኮል

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከፎቶ ቤቱ ሥር፣
ስልክ እጠግናለሁ፣ ካርድ እሸጣለሁ፤ ኪራዬ ሁለት ሺህ ብር።
ማን ለማን እንደሚደውል፣ በስንት ቀን አንዴ፣
ይነግረኛል ስልኩ፣ ሳልጠይቅ፣ በግዴ።

ልጄ ብስራት በዐሥራ ስድስቷ አውራ ጣቷ አያርፍም፤
ለማኅደር ሳትጽፍ ሩብ ሰዓት አያልፍም።
"በላሽ?" "በላሁ።" "ምን?" "ሽሮ።" "እኔም።" ደግሞ ሳቅ፤
አጥር ለአጥር ሆነው፣ ድምፅ እንኳን ሳይርቅ።

እኔ አርባ ሦስት ሞላኝ። ወንድሜ አስናቀ
ማራኪ ነው ያለው፤ ለባጃጅ አልራቀ።
በመስቀል፣ በጥምቀት፣ አበባ ያለበት
"እንኳን አደረሰህ"፣ ሌላ ሰው የላከኝ፣ ስሜ የሌለበት፣
ወደሱ እገፋለሁ። እሱም እንደኔው ነው፤
የተጋጠመ መዳፍ፣ ሥዕል ብቻ የሚልከው።

ጋሽ ዋሴ ሰማንያን ካለፉ ቆየ።
ስልካቸው ባለ ላስቲክ፣ ቁጥሩ ከቁልፉ የተለየ።
ቅዳሜ አመጡት፤ የቻርጀሩ ቀዳዳ ላልቷል።
"ለነገ ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይድረስ፣ አደራ" አሉ፤ አልገባኝም፤
"ዕቃው ሰኞ ነው" አልኩ። ተክዘው
ቁልቁል ወደ ቀሃ ሄዱ፤ አልጠየቅሁም።

ቤት ይዤው ገብቼ፣ እሑድ ሲነጋጋ ከካፖርቴ ኪስ ጠራ።
አንዴ ብቻ። ቀጥ። ደግሞ አንዴ፣ እንደሚፈራ።
ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ አጠፋሁት፤
የሰው ልብ መሆኑን መች አወቅሁት።

ሰኞ ሁለት ሽማግሌ በሬ ላይ ቆመው አየሁ፤
አንዱ ጋሽ ዋሴ ናቸው፤ ሌላውን "ማን ልበል" አልሁ።
"አላምረው ነው፣ የአዘዞው። ትናንት ሊቀብረኝ መጥቶ
እግሬን ስታጠብ አገኘኝ፤
ሰደበኝ፣ ደጄ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ።"

ከዚያ ነገሩኝ። በየጧቱ አንዱ ይደውላል፤
ሌላው አያነሳም። መልሶ ይደውላል፤ ይዘጋል።
የመጀመሪያው "አለሁ" ነው፤ መልሱም "እኔም"፤ በቃ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሳንቲም ሳይበላ፣
ዶሮ ጮኾ ሰው ሲነቃ።

"መቼ ነው የተያያችሁ?" ብል ጣት ማጠፍ ጀመሩ፤
የባያፈርስ ተዝካር ላይ... ሰባት ዓመት። ዝም ብለው ቀሩ።
ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። የታክሲ መንገድ።
ጉልበቱ አለ፣ ብርዱ አለ፤ ደግሞስ "አለ" ካሉ ምን ያስኬድ!

ዋጋውን ልተው ብል ጋሽ አላምረው ተቆጡ፤
"የቀብሩን ብር ይዣለሁ" ብለው
ከመሃረብ ፈትተው ሰጡ።

ማታ ሱቅ ስዘጋ የአስናቀን ቁጥር ፈለግሁ።
አንድ ጊዜ አስጠርቼ፣ ልክ እንደነሱ፣ ዘጋሁ።

ወዲያው ደወለ። ከኋላው ቴሌቪዥን ሲቀነስ ይሰማል።
"ማን ሞተ?" ይላል። "ንገረኝ፤ ማን ሞተ?" ይላል።